የኢያቄም ሸለቆ ብር፦ አግሪኮላን በአማርኛ ጆሮ ማንበብ

አያቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ውስጥ አንድ ጠገራ ብር አገኘን። ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷ ላይ ስላደረገችው የንግሥቲቱ አፍንጫ አልቋል። እናቴ "ይቅለጥና ለእህትሽ ሠርግ ጉትቻ ይሁን" አለች። እኔ "ይቀመጥ" አልኩ። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። በመሀሉ ግን አንድ ብር አንጥረኛ ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር። ሰውዬው ፊቷን እንኳ አላየም። ሚዛን ላይ ጣል አደረገው፣ "ሃያ ስምንት ግራም ገደማ" አለ፣ ቀጥሎም "ንጹሕ እንዳይመስልሽ፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ነው ብር፣ የቀረው መዳብ ነው" አለኝ። ልክ ነበር። የማርያ ቴሬዛ ታለር ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው።

ያን ሰሞን የማነበው መጽሐፍም ስለ ብር ነበር፤ ኪስ ውስጥ ስላለው ሳይሆን መሬት ውስጥ ስላለው። "ደ ሬ ሜታሊካ" ይባላል፣ "ስለ ማዕድን ነገር" እንደ ማለት ነው። በ1556 ባዝል ከተማ በላቲን ታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጸሐፊው ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ መጽሐፉ ታትሞ ሳያየው ጥቂት ወራት ቀድሞ ሞተ። የእውነት ስሙ ጌኦርግ ባወር ነው። ባወር በጀርመንኛ ገበሬ ማለት ነው፤ በዘመኑ የተማረ ሰው ስሙን ወደ ላቲን ማዞር ልማዱ ስለነበር አግሪኮላ ሆነ። ገበሬው እንግዲህ ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ ጉድጓድ ጻፈ፦ 12 ክፍል፣ 292 በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች፣ ከደም ሥሩ ፍለጋ ጀምሮ ብሩ ከእርሳስ ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ። ሥራው ሐኪም ነበር፤ ከ1527 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የኖረውም ዮአኺምስታል በምትባል የቦሄምያ የብር ከተማ ነው።

አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የቁፋሮ መመሪያ እንዲህ ያለ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም ስጀምረው እንደ መመሪያ ነበር ያየሁት። አራተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ንጉሥ ከመሬት በታች ያለውን ነገር እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ፣ ያውም ራሱ አንድም ጊዜ ሳይመጣ፣ እንዲህ በዝርዝር የሚያሳይ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አላነበብኩም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ ስም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የኛ ጆሮ እዚህ ላይ ከፈረንጁ ጆሮ ይቀድማል። ዮአኺምስታል ማለት የኢያቄም ሸለቆ ማለት ነው። አዎ፣ ያ ኢያቄም፤ የሐና ባል፣ የእመቤታችን አባት። ተራራውን ተሻግሮ ሳክሶኒ ውስጥ አናቤርግ የምትባል ሌላ የብር ከተማ ነበረች፣ የሐና ተራራ። ትንሽ ቆይቶ ማሪየንቤርግ ተቆረቆረች፣ የማርያም ተራራ። ብር በተገኘ ቁጥር ያንን ቤተሰብ አንድ በአንድ እየሰበሰቡት ነበር ማለት ይቻላል። በኢያቄም ሸለቆ ብሩ የተገኘው በ1516 አካባቢ ነው። የአካባቢው ጌቶች የሽሊክ መኳንንት ነበሩ፤ በ1520 ከቦሄምያ መኳንንት ጉባኤ ፈቃድ አግኝተው ትልልቅ የብር ገንዘብ መምታት ጀመሩ። በአንዱ ገጽ ቅዱስ ኢያቄም ቆሟል፣ በሌላው የቦሄምያ አንበሳና የንጉሥ ሉድቪግ ስም አለ። ሰው "ዮአኺምስታለር" ይለው ጀመር፣ "የኢያቄም ሸለቆው"። ምላስ ሲደክም "ታለር" ሆነ። አሜሪካኖቹ ጋ ሲደርስ "ዶላር" ሆነ። አያቴ አንገት ላይ ሲደርስ ብዙ መቶ ዓመት አልፎት፣ ስሙን ሁሉ ጥሎ፣ "ብር" ብቻ ሆኖ ነበር።

መጽሐፉን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ላቲን አልችልም። ተርጓሚዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ኸርበርት ሁቨርና ሉ ሄንሪ ሁቨር፤ ትርጉሙ በ1912 ለንደን ወጣ። ባልየው የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ያው ሁቨር ነው። ትልቁ ፈተናቸው አግሪኮላ ራሱ ነው። ቆፋሪዎቹ የሚናገሩት ጀርመንኛ ነበር፣ እሱ ደግሞ በላቲን ካልጻፍኩ አለ፤ ላቲን ለነዚያ መሣሪያዎችና ሹመቶች ቃል አልነበራትም፤ እሱም ከራሱ እየፈጠረ ሰጣት። ስለዚህ የሰዎቹ ቋንቋ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከጉድጓዱ የወጣው ቃል እንደ ብሩ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ የጌቶች ማኅተም ተመትቶበት ነው የሚደርሰን። ይህንን እንደ ጉድለት ነው የምቆጥረው። ሁቨሮቹ በግርጌ ማስታወሻቸው የጀርመንኛውን ስም እየፈለጉ መልሰው ማስገባታቸው ውለታ ነው፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ማስታወሻው ከጽሑፉ ይበልጣል።

እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ ነበር የማስበው፣ እዚያ ላይ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። እንግሊዝኛ ብረቱንና ገንዘቡን በሁለት ቃል ይለያቸዋል። አማርኛ አይለይም። አግሪኮላ "ብሩ የማን ነው?" ብሎ ስለ ድንጋይ ሲጠይቅ እኔ ስለ ደሞዝ የጠየቀ ይመስለኛል። በአማርኛ ጆሮ ስታነቡት መጽሐፉ የሚደብቀውን ነገር ራሱ ይናገረዋል፦ ከመሬት የሚወጣው ነገር ገና ሳይወጣ ገንዘብ ነበር። ንጉሥ የሚቆጣጠረውም ለዚያ ነው።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ልማድ ከመሬት በታች ያለ ብር ባለርስት ስለሆንክ ብቻ ያንተ አይሆንም፤ መብቱ የንጉሡ ወይም የመስፍኑ ነው። ማንም ሰው መፈለግ ይችላል። ያገኘው የሱ የሚሆነው ግን ቤርግማይስተር የሚባለው የማዕድን ሹም ሲሰጠውና ሲለካለት ነው። ከሚወጣው ብር ከአሥር አንዱ ለገዥው ይገባል፣ ይህን የሚቀበል የአሥራት ሹም አለ። የቀረውንም ባለቤቱ እንዳሻው ገበያ አያወጣውም፤ ለገንዘብ መምቻ ቤቱ በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል። የዮአኺምስታል የማዕድን ሕግ በ1518 የወጣ ሲሆን መሠረቱ የአናቤርግ የ1509 ሕግ ነበር። አግሪኮላ ከተማዋ ሲገባ እንግዲህ ሕጉ ገና ትኩስ ነው።

አራተኛው ክፍል ውስጥ ጥንት ይደረግ ስለነበረው አለካክ የሚተርክበት ቦታ አለ። ደም ሥሩን ያገኘው ሰው እጁን ራሱ ላይ አድርጎ በእግዚአብሔርና በቅዱሳን ይምላል፤ ይህ ደም ሥር የኔ ካልሆነ ራሴም እጄም ከዛሬ ጀምሮ አይታዘዙኝ ይላል። ከዚያ ገመድ ይዘረጋል። የመጀመሪያው ቦታ፣ የአግኚው፣ ርዝመቱ 42 ዝርጋታ፣ ወርዱ 7 ነው (አንድ ዝርጋታ ሰው ሁለት እጁን ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ያለው ነው)። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ ሹሙ ገመዱን ይዞ ይቀጥላል። ከአግኚው ጎን ያለው አንድ ቦታ ለንጉሡ። ቀጥሎ ለንግሥቲቱ። ቀጥሎ ለፈረስ ባልደራሱ። ቀጥሎ ለጠጅ አሳላፊው። ቀጥሎ ለእልፍኝ አስከልካዩ። ከዚያም ለራሱ ለሹሙ።

ይህንን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ መልሼ አነበብኩት። የፈረስ ባልደራስ፣ ጠጅ አሳላፊ፣ እልፍኝ አስከልካይ እያልኩ የጻፍኩት ለማሳመር አይደለም፤ ለእነዚያ የላቲን ሹመቶች ከኛ ቤተ መንግሥት የወረስናቸው ቃላት ልክ ይሆናሉ። ከእንግሊዝኛው ይልቅ በኛ ሹመት ነው ሥዕሉ የታየኝ። ተራራ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ንጉሡን አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው ቆሟል፤ አጠገቡ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ በማዕረግ ቅደም ተከተል፣ በገመድ ተለክቶ፣ መሬት ላይ ተሰልፏል። ማንም አልመጣም። ጠጅ አሳላፊው እዚያ ተራራ ላይ ቦታ እንዳለው ራሱም አያውቅ ይሆናል።

አግሪኮላ ይህንን የሚጽፈው ውኃ የሚቀዳ መዘውር በሚገልጽበት ድምፅ ነው። ክርክሬ ከእሱ ጋር የሚጀምረው እዚህ ነው። መዘውሩ እንዲህ የሚዞረው እንጨቱና ክብደቱ ስለሚያስገድዱት ነው። ለንግሥቲቱ 42 ይሁን 28 ዝርጋታ እንዲለካ የሚያስገድድ እንጨት የለም፤ ሰው ወስኖት ነው። መጽሐፉ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ሲያነባቸው ሕጉ እንደ ስበት፣ እንደ ውኃ መውረድ ያለ ነገር ይመስላል። ውበቱም ተንኮሉም እሱ ነው። ተንኮል ስል ሆን ብሎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንባቢውን የሚያስለምድበት መንገድ ነው ማለቴ ነው። ስድስተኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ "ለሹሙስ ለምን?" ማለት ትረሳላችሁ።

ስለ ድርሻ የሚጽፈውም እንዲሁ ነው። አንድ ጉድጓድ 128 ድርሻ ይሆናል። ዮአኺምስታል ውስጥ 122ቱ የግለሰቦች፣ 4ቱ የመሬቱ ባለቤቶች፣ 1 የመንግሥት፣ 1 የቤተ ክርስቲያን ናቸው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በቅርቡ አንድ ተጨምሯል ይላል፣ ለድሆች፤ ስለዚህ 129። ጉድጓዱ ብር ባላወጣ ጊዜ ወጪውን የሚያዋጡት ግን ግለሰቦቹ ብቻ ናቸው። ይህን ያነበብኩለት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬ "ማለት መንግሥት ትርፍ ላይ አለ፣ ኪሳራ ላይ የለም" አለ። ቡናውን እያማሰለ ነው ያለው፣ አልገረመውም። ያቺ 129ኛዋ ድርሻ ግን እስካሁን አእምሮዬ ውስጥ አለች። መቶ ሃያ ስምንቱ ከሞላ በኋላ የመጣች ናት።

መጽሐፉን የጀመርኩት ልከሰው ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ብርዳም መጽሐፍ፣ የጌቶች መጽሐፍ ብዬ ርዕስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። መስፍኖቹ የሳክሶኒ ሞሪትዝና አውጉስት ናቸው የተበረከተላቸው፤ ጸሐፊው ራሱ "ጎተስጋብ"፣ የእግዚአብሔር ስጦታ፣ በሚባል ጉድጓድ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ባለድርሻ ስለ ጉድጓድ ቢጽፍ ምን ይጽፋል? ያስቆመኝ ስለ ፈረቃ የጻፈው ነው። ቀኑ በሦስት ፈረቃ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰዓት፤ በየመሀሉ የሚቀረው አንድ አንድ ሰዓት መውጫና መግቢያ ነው። የሌሊቱ ፈረቃ ካልቸገረ በቀር አይታዘዝም። በአንዳንድ ቦታ አንድ ሰው ሁለት ፈረቃ አከታትሎ እንዲሠራ አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ድካም ይጥለውና ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። በሌላ ቦታ ይፈቀዳል፣ ምክንያቱም የአንድ ፈረቃ ክፍያ አያኖረውም፣ በተለይ እህል ሲወደድ። ሹሙም በይፋ የሚፈቅደው አንድ ፈረቃ ብቻ ሆኖ፣ ተጨማሪውን አይከለክልም።

በአማርኛ ለዚህ ቃል አለን፦ አይቶ እንዳላየ ማለፍ። በዚህ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አገዛዝ የተጻፈ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ቦታ አላገኘሁም። ሕጉ ሰውዬው እንዳይሞት ይከለክላል፤ ክፍያው ሕጉን እንዲጥስ ያስገድደዋል፤ ሹሙ መሀል ላይ ቆሞ ወደ ሌላ ያያል። አግሪኮላ ይህንን አይቷል። ያየውን ሳይደብቅ ጽፏል። ያዘጋጀሁትን ርዕስ ሰረዝኩት።

ስድስተኛው ክፍል ላይም እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሐኪሙ እዚያ ላይ ይወጣል። ስለ አቧራው፣ ስለ ሳንባው ይጽፋል፤ በካርፓቲያን ተራሮች ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች አሉ ይላል፣ ሰባቱንም የሳንባው በሽታ የወሰደባቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ያልፈዋል። እኔ ላልፈው አልቻልኩም። ሰባተኛው ባል ሲያገባ ምን አስቦ ነው? አሥረኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ብርን ከእርሳስ የሚለየው ምድጃ ሥዕል አለ። አሠሪው ምድጃው አጠገብ ሲራብ ቅቤ ይበላል፤ ከጭሱ የሚወጣው መርዝ እንዳይጎዳው መድኃኒቱ እሱ ነው ይላል ማብራሪያው። ቅቤ! አያቴ ብትሰማ ትስማማ ነበር። ግን ልብ በሉ፦ በነዚህ ሥዕሎች ላይ እያንዳንዱ ነገር ፊደል አለው። ምድጃው አንድ ፊደል፣ እንጨቱ አንድ ፊደል። ቅቤ የሚበላው ሰውም አንድ ፊደል ነው፣ እንደ ዕቃዎቹ።

ታዲያ ምን ይጎድለዋል? በ1525፣ አግሪኮላ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የዮአኺምስታል ቆፋሪዎች አመፁ። በጀርመን አገር ገበሬው ሁሉ የተነሣበት ዓመት ነው። ሐኪሙ ከተማዋ ሲደርስ ያከማቸው እነዚያን ሰዎች ነው፤ ስለዚያ ያላወሩለት አይመስለኝም። በ12ቱ ክፍሎች ውስጥ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ፈረቃው አለ፣ ደወሉ አለ፣ የሚወደደው እህል አለ። በቃን ያሉበት ቀን የለም። የነገሥታቱም ጠብ የለም። ኮንት ሽቴፋን ሽሊክና ንጉሥ ሉድቪግ በ1526 ሞሃች ላይ ከኦቶማን ጋር ሲዋጉ ሁለቱም ጠፉ። አዲሱ ንጉሥ ፈርዲናንድ በ1528 ገንዘብ የመምታቱን መብት ከሽሊኮች ነጠቀ፣ በ1540ዎቹ ጉድጓዶቹንም። አግሪኮላ 1528ን ያሳለፈው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። በመጽሐፉ ግን "ንጉሡ ወይም መስፍኑ" የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው ያለው፣ ማንም ቢመጣ የሚስማማ። ልኩ ተቀምጦ ሰውዬው ይቀያየራል።

የመጀመሪያው ክፍል ማዕድን ቁፋሮን ከተቃዋሚዎች የሚከላከልበት ነው፤ እኔ በዚህ ክፍል ከጠበቃው ይልቅ ከሳሾቹ ናቸው የረቱኝ። እርሻ ይጠፋል፣ ደን ይጨፈጨፋል፣ አውሬውና ወፉ ይሰደዳል፣ ማዕድኑ የታጠበበት ውኃ ወንዙን መርዞ ዓሣውን ይፈጃል። ይህን ሁሉ የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው፣ በጥሩ ቋንቋ። መልሱ ምን መሰላችሁ? በብሩ ከሌላ አገር ወፉንም ዓሣውንም ገዝቶ ማምጣት ይቻላል። እንዲህ ያለ መልስ ዛሬም በየዜናው ስለምንሰማው ብዙ አልልም።

በዚያው ምዕተ ዓመት፣ ውቅያኖሱን ተሻግሮ፣ ሌላ ንጉሥ ሌላ የብር ተራራ ነበረው። ፖቶሲ፣ የዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ብሩ የተገኘው በ1545። የስፔን ንጉሥ ድርሻ ከአሥር ሳይሆን ከአምስት አንድ ነበር። እዚያ ቁጥጥሩ የሚያልፈው በሜርኩሪ ነው፦ ብሩን ከድንጋዩ የሚለየው ሜርኩሪ ነው፣ የሁዋንካቬሊካ የሜርኩሪ ጉድጓዶች ደግሞ በንጉሡ እጅ ናቸው፤ ስንት ሜርኩሪ እንደገዛህ የሚያውቅ ሹም ስንት ብር እንዳወጣህ ይገምታል። ብልጠቱን ማድነቅ አለብኝ። ሠራተኛው ግን በገመድ ለክቶ የሚምል ነፃ ሰው አይደለም። በ1570ዎቹ እንደራሴው ቶሌዶ ባደራጀው "ሚታ" የሚባል የግዳጅ ተራ በየዓመቱ ወደ 13,500 ሰው ከየመንደሩ ለፖቶሲ ይላክ ነበር።

የዚያም ዘመን በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አለው። ጉዋማን ፖማ ዴ አያላ የሚባል የአንዲስ ተወላጅ በ1615 ገደማ ለስፔን ንጉሥ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ነው፣ ወደ 400 የሚጠጉ ሥዕሎች ያሉት፤ በ1908 ኮፐንሃገን በሚገኘው የንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። እዚያ ውስጥ የማዕድን ሹሙ የአገሬውን ባላባቶች ሲያሰቃይ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ አየኋቸው። አግሪኮላ ጋ የሠራተኛው ክንድ በጥንቃቄ ተሥሏል፤ ጡንቻው፣ የያዘው መዶሻ፣ የለበሰው ቆብ። የጉዋማን ፖማ ብዕር ለክንድ ግድ የለውም፣ አንዳንዱ ሰው አሻንጉሊት ይመስላል። ግን ማን ማንን እንደሚመታ ይታወቃል። አግሪኮላ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ጉዋማን ፖማ በማን ትእዛዝ እንደሆነ ነገረኝ። አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉዋማን ፖማን ነበር የምመርጠው። ደስ የሚለው ግን ማንም አንዱን ብቻ ምረጪ አላለኝም።

የፖቶሲ ብር አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ የኢያቄም ሸለቆ ተዳከመች። በ1530ዎቹ ወደ 18,000 ሰው የነበራት ከተማ ባዶ ሆነች ማለት ይቻላል። ስሟ ግን ገንዘቡ ላይ ቀርቶ ቀጠለ። ማርያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ በስሟ የተመታው ታለር ግን ዓመተ ምሕረቱ 1780 ላይ ቆሞ ከሞቷ በኋላም መመታቱ አልቀረም። እኛ ጋ የደረሰው እሱ ነው። የኛ ነጋዴ ገንዘቡን ሲቀበል ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ያይ ነበር፤ ፈርጡ ካለቀ አይወስድም። አፄ ምኒልክ በ1894 በራሳቸው ምስል ብር አስመቱ፣ ፓሪስ። ገበያው ግን ለረጅም ጊዜ አሻፈረኝ አለ፤ ሞታ መቶ ዓመት ያለፋትን የባዕድ ንግሥት መረጠ። ፈርዲናንድ በ1528 ሽሊኮችን በአንድ ትእዛዝ የነጠቃቸውን ነገር ምኒልክ ከአራዳና ከየአውራጃው ገበያ መንጠቅ አልቻሉም። ንጉሥ ጉድጓዱን ይቆጣጠር ይሆናል። ሽንኩርት የምትሸጠዋን ሴትዮ ጣት መቆጣጠር ሌላ ሥራ ነው። ይህ ምዕራፍ አግሪኮላ ጋ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ግን መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ ሳስብ የነበረው ይህን ነው።

ለማንበብ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የሁቨሮቹ ትርጉም የባለቤትነት ጊዜው ያለፈ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አራተኛውን ክፍል አንብቡ፣ ከዚያ ስድስተኛውን፣ ከዚያ ሥዕሎቹን ብቻ እያያችሁ ሂዱ። ሰባተኛውን፣ የማዕድን ፍተሻውን፣ ካልጠቀማችሁ ዝለሉት፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እንዳታልፉት፣ እዚያው ፈረቃው ጋ ነው። የሌሊቱ ሠራተኞች ድካሙን ለመርሳት ይዘፍናሉ ይላል አግሪኮላ፤ ዘፈናቸውም እንዳልሠለጠነ ሰው ዘፈን አይደለም፣ ጆሮም አያስቀይምም። ቆሞ ሰምቷቸዋል ማለት ነው። የዘፈኑን ስንኝ ግን አንድም አልጻፈልንም፤ ስለ መዘውሩ ገጽ በገጽ የጻፈ ሰው።

እናቴ ትናንት ደወለች። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ አንጥረኛው ደግሞ ጉትቻ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል አለች።